ስለ መታጠቢያ ቤት ወለል፤ ጐርባጣውን ስለ ማቃናትና ዘቅዛቃውን ስለ መግራት

ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ለሀገር ሽማግሎች የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

ቤት የሚመሰገነው በግድግዳው ቁመትና በጣራው ውበት ብቻ አይደለም። ሰው ሁልጊዜ የሚረግጠው ወለል ከቤቱ ክፍሎች ሁሉ የበለጠ የሚያገለግል ነው። ይልቁንም ውኃ የሚፈስበት የመታጠቢያ ቤት ወለል የተበላሸ እንደ ሆነ፥ ሌላው ሁሉ ቢያምር እንኳ ቤቱ የጤና ጠንቅ ይሆናል። በጐድጓዳ ስፍራ የቀረ ውኃ አረንጓዴ አረግ ያበቅላል፤ በዚያም ላይ ሕፃን ተንሸራቶ ይወድቃል፥ ሽማግሌም ወድቆ የዳሌ አጥንቱ ይሰበራል። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የተባለው ለወንዝ ብቻ አይደለም፤ በወለል ላይ ለሚተኛ ጥቂት ውኃም ይሆናል።

ዛሬ በብዙ መንደር ሕዝቡ ገንዘብ አዋጥቶ ለትምህርት ቤቱ መታጠቢያ ቤት ያሠራል፤ በከተማ ሱቅ ሴራሚክ የሚባለውንም የወለል ንጣፍ ይገዛል። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን ንጣፉ በተበላሸ ወለል ላይ የተነጠፈ እንደ ሆነ፥ ጥቂት ጊዜ ቈይቶ ይነቀላል፥ ይሰነጠቃል፤ ከእህሉ ሽያጭ የተዋጣውም ገንዘብ ሁሉ ይባክናል። ስለዚህ ሥራውን የሚያዝዙ ሽማግሎችና ሥራውን የሚቈጣጠሩ መምህራን የግንበኝነት እጅ ባይኖራቸውም የግንበኝነት ዓይን እንዲኖራቸው ያስፈልጋል። ይህ ትምህርት የተጻፈው ለዚሁ ነው።

1ኛ. ጐርባጣና ዘቅዛቃ አንድ አይደሉም

ወለል ሁለት ዓይነት ጠባይ ይታይበታል። አንደኛው ጐርባጣነት ነው፤ ይኸውም በአንድ ስፍራ ጕብታ፥ በሌላ ስፍራ ጐድጓዳ ሲኖርበት ነው። ሁለተኛው ዘቅዛቃነት ነው፤ ይኸውም ወለሉ በመላው ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ሲሆን ነው። ብዙ ሰዎች ሁለቱን አንድ አድርገው ስለሚቈጥሩ፥ ግንበኛውን «ወለሉን ውኃ ልክ አድርግልን» ብለው ያዝዙታል። ይህ ትእዛዝ ለመማሪያ ክፍልና ለመኝታ ቤት መልካም ነው፤ ለመታጠቢያ ቤት ግን አይሆንም። ውኃ ልክ የሆነ ወለል ውኃውን ወዴትም አይሰደውም፤ በላዩ ይዞት ይቀራል።

እንግዲህ የዚህ ትምህርት ዋና ነገር ይህ ነው፤ ጐርባጣነት ሁልጊዜ ይወገዳል፤ ዘቅዛቃነት ግን ወደ ፍሳሽ መውጫው የሆነ እንደ ሆነ በልክ ይጠበቃል፥ ወደ ሌላ ወገን የሆነ እንደ ሆነ ወደ መውጫው ይመለሳል። ልኩም በ100 ሳንቲ ሜትር ርቀት 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት ነው፤ ይህን «ከመቶ ሁለት» እንለዋለን። ከመቶ አንድ ያነሰ እንደ ሆነ ውኃው ይዘገያል፤ ከመቶ ሁለት እጅግ የበለጠ እንደ ሆነ ደግሞ እርጥብ እግር ያንሸራትታል።

ውኃን በተዳፋት መምራት ለሀገራችን አዲስ ጥበብ አይደለም። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከመሬት በታች ከአለት ተፈልፍለው የተሠሩ ስለ ሆኑ፥ የክረምት ዝናብ ሁሉ ወደ ግቢያቸው ሊወርድ ይችል ነበር። የሠሩአቸው ጠቢባን ግን ከሕንፃው ጋራ አብረው የውኃ መውረጃ ቦዮችን ፈልፍለዋል። በ1978 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲጻፉም ይህ የቦይ ሥራ ከሕንፃው ጋራ የሚነገርላቸው ነገር ነው። አለት የሚፈለፍል ሰው ቀድሞ ስለ ውኃው መንገድ ካሰበ፥ ወለል የሚያነጥፍ ሰው ይህን መዘንጋት አይገባውም።

ደግሞ ንጣፍ ወለልን እንደማያቃና ማስተዋል ይገባል። ንጣፍ ከሥሩ ያለውን መልክ ይከተላል። አንዳንድ ሠራተኛ ጐድጓዳውን ለመሸፈን ከንጣፉ በታች አንድ ስፍራ ብዙ፥ ሌላ ስፍራ ጥቂት ማጣበቂያ ያደርጋል። ወፍራሙ ማጣበቂያ ሲደርቅ ይኰማተራል፥ ንጣፉም ይሰጥማል ወይም ከሥሩ ባዶ ይሆናል። ባዶ የሆነ ንጣፍ ደግሞ ባልዲ ሲወድቅበት ይሰበራል። ስለዚህ ወለሉ የሚቃናው ንጣፉ ከመምጣቱ በፊት ነው።

2ኛ. ወለሉ ስለ ምን እንደ ዘቀዘቀ መመርመር

ሐኪም መድኃኒት ከመስጠቱ በፊት የበሽታውን ምክንያት እንደሚጠይቅ፥ ሥራ አሠሪም ወለሉ ስለ ምን እንደ ዘቀዘቀ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ምክንያቱ ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል።

ሀ) የቀድሞው ግንበኛ ውኃ እንዲወርድ ብሎ አስቦ ያዘቀዘቀው ሊሆን ይችላል። ይህ ሲሆን ወለሉ አይነካም፤ ጕብታውና ጐድጓዳው ብቻ ይስተካከላል።

ለ) ከቸልተኝነት ወይም ከመለኪያ ማጣት የመጣ ሊሆን ይችላል። ይህ በአዲስ መደላድል ይቃናል።

ሐ) ከወለሉ በታች ያለው መሬት እየሰጠመ ወይም እያበጠ ሊሆን ይችላል። ይህ ከሁሉ የከፋ ነው። በብዙ የደጋና የወይና ደጋ ሀገራችን ያለው ጥቁር መረሬ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፥ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በላዩ ያለ ወለልም አብሮ ይነሣል፥ አብሮ ይወርዳል። ከሥር የሚያፈስ ቱቦም ቢኖር አፈሩን አጥቦ ወለሉን ያሰጥማል።

ይህን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። በወለሉ ወይም በግድግዳው ስንጥቅ ላይ አቋርጦ ጥቂት ጀሶ ይለጠፋል፤ ቀኑም በላዩ ይጻፋል። ጀሶ ሲደርቅ ተሰባሪ ስለ ሆነ፥ ስንጥቁ ጥቂት እንኳ ቢሰፋ ይሰነጠቃል። ከበጋ ጀምሮ ክረምቱ እስኪያልፍ ድረስ ጀሶው ደኅና ከሆነ መሬቱ ረግቷል፥ ሥራው ይጀመር። ጀሶው ከተሰነጠቀ ግን ንጣፍ መግዛት ይቅር፤ አስቀድሞ የሚያፈሰው ቱቦ ይጠገን፥ የጣራው ውኃ ከመሠረቱ ይራቅ፥ ስለ መሠረቱም የሚያውቅ ባለሙያ ይጠየቅ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፥ የአንድ ክረምት ትዕግሥት የብዙ ዓመት ኪሳራን ያድናል።

3ኛ. ስለ መለካት

ወለልን በዓይን ብቻ መፍረድ አይቻልም፤ ዓይን በግድግዳው ማጋደልና በብርሃኑ ይታለላል። ውኃ ግን አይታለልም። ከ2,000 ዓመት በፊት የነበረው ሮማዊው የሕንፃ ሊቅ ቪትሩቪየስ ስለ ሕንፃ ሥራ በጻፈው መጽሐፍ፥ 20 እግር ርዝመት ያለው የእንጨት መለኪያ እንደ ነበረ፥ ነፋስ ቱንቢውን ባወዛወዘ ጊዜም በላዩ በተፈለፈለው ቦይ ውኃ አፍስሰው ልኩን ያዩ እንደ ነበረ ተናግሯል። ዛሬ ግንበኞች የሚይዙት፥ በብርጭቆ ውስጥ ፊኛ የሚታይበት ውኃ ልክ የተፈለሰፈው ብዙ ዘመን ቈይቶ በ17ኛው መቶ ዓመት ነው።

በመንደር ግን ከሁሉ የሚረክሰውና ለሰፊ ስፍራ ከሁሉ የሚታመነው፥ ውስጡ የሚያሳይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ቱቦው በውኃ ይሞላል፤ በውስጡ የአየር ፊኛ እንዳይቀር ይጠበቃል። ሁለት ሰዎች ሁለቱን ጫፍ ከፍተው በግድግዳው ላይ ይይዛሉ። በሁለቱ ጫፍ ያለው ውኃ ሁልጊዜ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። በዚህ መንገድ በአራቱም ግድግዳ ላይ፥ ከወለሉ 100 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፥ ዙሪያውን የውኃ ልክ መስመር ይሠመራል። ከዚያ ከመስመሩ ወደ ታች እስከ ወለሉ በየስፍራው ይለካል። ቍጥሩ በበዛ መጠን ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፤ ቍጥሩ ባነሰ መጠን ወለሉ ከፍ ያለ ነው። ይህን ነገር ተማሪዎች ራሳቸው ቢለኩት ለሒሳብና ለተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት መልካም ልምምድ ይሆናቸዋል።

ጐርባጣነቱን ለማወቅ ደግሞ 2 ሜትር ርዝመት ያለው፥ ያልተጣመመ የእንጨት ወይም የብረት ዘንግ በወለሉ ላይ በየአቅጣጫው ይጋደማል። ከዘንጉ በታች ከ3 ሚሊ ሜትር የበለጠ ክፍተት የታየ እንደ ሆነ፥ ያ ስፍራ ንጣፍ ለመቀበል ገና አልተዘጋጀም።

4ኛ. ስለ ሒሳቡ

ነገሩ እንዲገለጥ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የመታጠቢያ ቤቱ ርዝመት 3 ሜትር፥ ወርዱ 2 ሜትር ይሁን። በሩ በአንደኛው ረጅም ግድግዳ ነው፤ የፍሳሹ ቦይ በትይዩው ረጅም ግድግዳ ሥር ነው። ከውኃ ልክ መስመሩ ወደ ታች ሲለካ፥ በበሩ ወገን ባሉት ሁለት ማዕዘኖች 101 እና 102 ሳንቲ ሜትር፥ በቦዩ ወገን ባሉት ሁለት ማዕዘኖች 103 እና 100 ሳንቲ ሜትር ተገኘ እንበል። በቦዩ ወገን ያለው አንዱ ማዕዘን 100 ስለ ሆነ ከሁሉ ከፍ ያለ ነው፤ ይህ ጕብታ ውኃውን ወደ በሩ ይመልሰዋል ማለት ነው።

ተዳፋቱ ከመቶ ሁለት ይሁን ካልን፥ ወርዱ 200 ሳንቲ ሜትር ስለ ሆነ፥ በበሩና በቦዩ መካከል 4 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ያስፈልጋል። መደላድሉም ከሁሉ በሳሳበት ስፍራ ከ3 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ እናድርግ። ከጕብታው ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ከጨመርን፥ የቦዩ ወገን ከመስመሩ በታች 97፥ የበሩ ወገን 93 ይሆናል። የመደላድሉ ውፍረት በበሩ ወገን 8 እና 9፥ በቦዩ ወገን 6 እና 3 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አማካዩ 6 ከግማሽ ነው። ይህን በ6 ካሬ ሜትር ስናባዛ 0.39 ሜትር ኵብ ይወጣል።

አሁን ደግሞ ጕብታው በመሮና በመዶሻ 2 ሳንቲ ሜትር ተጠርቦ ዝቅ ይበል። ያን ጊዜ ማዕዘኑ 102 ይሆናል፤ የቦዩ ወገን 99፥ የበሩ ወገን 95 ይሆናል። ውፍረቱም በበሩ ወገን 6 እና 7፥ በቦዩ ወገን 4 እና 3 ሳንቲ ሜትር ነው። አማካዩ 5 ሳንቲ ሜትር፥ ጠቅላላው 0.30 ሜትር ኵብ ነው። አንድ ሰው ጥቂት ሰዓት መሮ ቢመታ ከ30 ኪሎ ግራም የበለጠ ሲሚንቶ ይተርፋል፤ ወለሉም በሞላው 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ስለዚህ ጐድጓዳውን ከመሙላት በፊት ጕብታውን መጥረብ ይቀድማል።

የሚገዛውም ነገር እንዲህ ይታሰባል። ደረቅ አሸዋና ሲሚንቶ በውኃ ሲለወስና ሲደለደል ስለሚያንስ፥ 0.30 በ1.3 ተባዝቶ 0.39 ሜትር ኵብ ደረቅ ነገር ያስፈልጋል። አንድ እጅ ሲሚንቶና አራት እጅ አሸዋ ከሆነ፥ ከአምስቱ አንዱ እጅ 0.078 ሜትር ኵብ ሲሚንቶ ነው። አንድ ሜትር ኵብ ሲሚንቶ 1,440 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፥ 112 ኪሎ ግራም ይሆናል። ስለዚህ 50 ኪሎ የሚይዘው ከረጢት 3 ይበቃል፤ ትርፉ ለማያያዣው ቅብ ይሆናል። አሸዋው 0.31 ሜትር ኵብ ያህል ነው።

ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ግን በሩን ማየት ያስፈልጋል። በዚህ ምሳሌ መደላድሉና ንጣፉ አንድ ላይ በበሩ ሥር ከ8 ሳንቲ ሜትር በላይ ይወፍራሉ። ሥራው ሲፈጸም የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ከውጭው ወለል ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መገኘት አለበት፤ አለዚያ ውኃው ወደ ውጭ ይወጣል። ደጃፉ ይህን ያህል ከፍታ የማይፈቅድ እንደ ሆነ አሮጌው ወለል መፍረስ ይኖርበታል። ይህን ሲሚንቶው ከተለወሰ በኋላ ማወቅ አይጠቅምም።

5ኛ. ስለ መደላድል

ለመደላድል የምንጠቀምበት ሲሚንቶ ፖርትላንድ ሲሚንቶ ይባላል። ጆሴፍ አስፕዲን የተባለ እንግሊዛዊ ግንበኛ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1824 ዓመተ ምሕረት በዚህ ስም የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። ስለዚህ ሲሚንቶ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውኃው ተንኖ ስለ ደረቀ አይደለም፤ ከውኃ ጋራ ተዋሕዶ አዲስ ነገር ስለሚሆን ነው። ስለዚህ ቶሎ በፀሐይ የደረቀ ሲሚንቶ የደከመ ሲሚንቶ ነው።

አሠራሩ በተራ እንደሚከተለው ነው።

ሀ) አሮጌው ወለል በመዶሻ ይንኳኳል። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ስፍራ ሁሉ ተነቅሎ ይወጣል። ለስላሳው ሊሾም መደላድሉ እንዲይዝ በመሮ ይወቀራል።

ለ) አቧራውና ቅባቱ ሁሉ ይጠረጋል፥ ይታጠባል። ወለሉ ሌሊቱን ውኃ ይጠጣ፤ በማግሥቱ ግን የተኛ ውኃ አይቅርበት።

ሐ) ሲሚንቶ በውኃ ቀጥኖ እንደ ወፍራም ቀለም በብሩሽ ይቀባል። ይህ ቅብ ሳይደርቅ መደላድሉ ወዲያው ይከተለው። ቅቡ ከደረቀ በኋላ የተጣለ መደላድል ከአሮጌው ወለል ጋራ አይያያዝም።

መ) አስቀድሞ በበሩ ግድግዳ ሥርና በቦዩ አጠገብ በተለካው ከፍታ ሁለት ቀጥ ያሉ የልውስ መስመሮች ይሠራሉ። እነዚህ መሪዎች ናቸው። ከዚያ መካከሉ ተሞልቶ ረጅሙ ዘንግ በሁለቱ መሪዎች ላይ እየተሳበ ትርፉን ይጠርጋል። መሪዎቹ ቀጥ ካሉ ወለሉ በግድ ቀጥ ይላል።

ሠ) ልውሱ እጅግ አይቅጠን። በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን ይዞ የሚቀር፥ ውኃ የማይንጠባጠብበት ሊሆን ይገባዋል። የጠነከረውን ልውስ እንደ ገና በውኃ ማለስለስ አይገባም። ከ5 ሳንቲ ሜትር የበለጠ በሚወፍርበት ስፍራ ደቃቅ ጠጠር ይጨመርበት።

ረ) ሥራው ከተፈጸመ በኋላ መደላድሉ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ 7 ቀን ውኃ ይጠጣ። ከዚያም ጆንያው ተነሥቶ፥ ንጣፉ ሳይነጠፍ ቢያንስ 3 ሳምንት ይቈይ፤ መደላድሉ በዚህ ጊዜ ጥቂት ስለሚኰማተር በላዩ ያለውን ንጣፍ ይሰነጥቀው ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና በዚህ ስፍራ መቸኰል ጥቅም የለውም።

ሰ) ንጣፍና መገጣጠሚያው ብቻቸውን ውኃን ፈጽመው አይከለክሉም። ስለዚህ መደላድሉ ከደረቀ በኋላ ውኃ የማያሳልፍ ቅብ ይቀባ። ቅቡ ወለሉና ግድግዳው በሚገናኙበት ጥግ ላይ ሳይቋረጥ በግድግዳው ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል።

6ኛ. የውኃ ፈተና

ሥራ አሠሪው ከሁሉ ይልቅ የሚጠነክርበት ነገር ይህ ይሁን። ንጣፉ ከመነጠፉ በፊት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ በበሩ ወገን ቀስ ተብሎ ይፍሰስ። ውኃው በሙሉ ወደ ቦዩ መሄድ አለበት። የተኛበት ስፍራ ካለ ዙሪያው በከሰል ይከበብ፤ ወለሉ ሲደርቅ ያ ስፍራ ይሞላ ወይም ይጠረብ፥ ቅቡም በተነካበት ይታደስ። ከዚያ እንደ ገና ይፈተን። ንጣፉ ከተነጠፈ በኋላ የሚገኝ ስሕተት የሚታረመው በማፍረስ ነው፤ ከመነጠፉ በፊት የሚገኝ ስሕተት ግን የሚታረመው በአንድ ማንኪያ ልውስ ነው። የመጨረሻው የሠራተኛ ክፍያ ከዚህ ፈተና በፊት እንዳይሰጥ በውሉ ቢጻፍ ለአሠሪውም ለሠራተኛውም ክርክርን ያስቀራል።

7ኛ. ስለ ንጣፉ ምርጫና አነጣጠፍ

ለመታጠቢያ ቤት የሚያብረቀርቅና የሚያንሸራትት ንጣፍ አይገዛም፤ ውበቱ እርጥብ እግርን አይዝም። ፊቱ ሻካራ የሆነው ይመረጥ።

ስለ ንጣፉ ስፋትም የተፈጥሮ ሕግ አለ። ባለ ሦስት እግር በርጩማ በማናቸውም ወለል ላይ ሳይነቃነቅ ይቆማል፤ ባለ አራት እግር ወንበር ግን በጐርባጣ ወለል ላይ ይነቃነቃል። ምክንያቱም ሦስት ነጥቦች ሁልጊዜ በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ይገኛሉ፥ አራተኛው ግን ሊወጣ ይችላል። ንጣፍ ባለ አራት ማዕዘን ነውና በተጣመመ ወለል ላይ አንዱ ማዕዘኑ ይነሣል፥ እግርም ያሰናክላል። የፍሳሹ መውጫ በወለሉ መካከል ያለ ቀዳዳ የሆነ እንደ ሆነ፥ ወለሉ ከአራት ወገን ወደ መካከል ይዘቀዝቃል፤ በዚህ ላይ ሰፊ ንጣፍ አይተኛም። ወይም ጐኑ ከ10 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ትንንሽ ንጣፍ ይመረጥ፥ ወይም አራቱ ተዳፋቶች በሚገናኙበት መስመር ላይ ንጣፉ ይቈረጥ። መውጫው በአንድ ግድግዳ ሥር የተሠራ ቦይ የሆነ እንደ ሆነ ግን ወለሉ በሞላው አንድ ገጽ ስለ ሆነ ሰፊውም ንጣፍ ደኅና ይተኛል። አዲስ ለሚሠሩ ይህ ሁለተኛው ይቀላል።

ሲነጠፍ አስቀድሞ ያለ ማጣበቂያ በደረቁ ተደርድሮ ይታይ፤ በግድግዳ ሥር የቀጠነ ቍራጭ እንዳይቀር ይስተካከል። ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን ለማወቅ በአንዱ ክር 60፥ በሌላው ክር 80 ሳንቲ ሜትር ምልክት ይደረግ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት 100 ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። ሥራው ከበሩ ርቆ ተጀምሮ በበሩ ይፈጸም። ማጣበቂያው ጥርስ ባለው መለሰኛ እኩል ይዘርጋ፤ ከእያንዳንዱ ንጣፍ ሥር ባዶ ስፍራ አይቅር። ንጣፉ በጎማ መዶሻ ቀስ ተብሎ ይመታ። በየንጣፉ መካከል 3 ሚሊ ሜትር፥ በግድግዳው ዙሪያ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተው፤ ሙቀትና ብርድ ንጣፉን ጥቂት ስለሚያሰፋውና ስለሚያጠበው ነው። በቦዩ አፍ ያለው ንጣፍ ከቦዩ ክዳን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከፍ ይበል እንጂ ዝቅ አይበል።

አንድ ቀን ሙሉ ማንም ሳይረግጠው ከቈየ በኋላ በሳንቲም እየተንኳኳ ይመረመር፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ንጣፍ ወዲያው ይነሣና እንደ ገና ይተኛ። ከዚያ በኋላ መገጣጠሚያው ይሞላል፤ በላዩ የቀረውም ሳይጠነክር በእርጥብ ስፖንጅ ይጠረጋል። በግድግዳው ዙሪያ የተተወው ክፍተት ግን በሲሚንቶ አይደፈን፤ በሚለጠጥ ማሸጊያ ይዘጋ።

8ኛ. ስለ ሠራተኛው ጤና

እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳን ቀስ ብሎ ያቃጥላል፤ ሰውዬው ሕመሙን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ጓንትና ጫማ ሳይኖረው ልውሱን በእጁና በእግሩ አይንካ፤ ተንበርክኮ ሲሠራም ጕልበቱን ይሸፍን። ወደ ዓይን የገባ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ በንጹሕ ውኃ ይታጠብና ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ንጣፍና ሲሚንቶ በመጋዝ ሲቈረጥ የሚወጣው ደቃቅ አቧራ በዓመታት ውስጥ ሳንባን የሚያጠፋ በሽታ ያመጣል፤ ስለዚህ በውኃ እያረጠቡ መቍረጥ ይገባል። ተማሪዎች ሥራውን ለመማር ሲያዩ ከዚህ አቧራ ይራቁ።

9ኛ. ውኃው ከወጣ በኋላ

ወለሉ መልካም ሆኖ ውኃው ከግድግዳው ውጭ ቢተኛ፥ ጐድጓዳውን ከቤት ወደ ደጅ ማዛወር ብቻ ነው። የተኛ ውኃ የትንኝ መራቢያ ነው፤ ትንኝ ከዕንቍላል ተነሥታ ለመብረር በሞቃት ስፍራ ከ7 እስከ 14 ቀን ያህል ይበቃታል። ስለዚህ የቱቦው ውኃ ድንጋይ ወደ ተሞላና ወደ ተከደነ ጕድጓድ ይግባ። ጕድጓዱም ሰዎች ከሚጠጡበት ምንጭ ወይም የውኃ ጕድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር የራቀ፥ ከእርሱም በታች በኩል የሆነ ይሁን። በቱቦው መነሻ ሁልጊዜ ጥቂት ውኃ የሚይዝ ጐባጣ ቱቦ ቢደረግ ሽታው ወደ ቤት አይመለስም።

መደምደሚያ

እንግዲህ መምህራንና ሽማግሎች ሆይ፥ ሥራውን ስታዩ ሦስቱን ነገር ጠይቁ፤ መሬቱ ረግቷልን? ተዳፋቱ ወዴት ነው፥ ስንትስ ነው? ውኃው ተፈትኖ በሙሉ ወርዷልን? ለእነዚህ መልስ ያለው ወለል በርካሽ ንጣፍም ቢሆን ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ መልስ የሌለው ወለል ግን ውድ ንጣፍ ቢለብስም ሕፃናቱን ይጥላል። ወለሉ የሚታመነው ከሥሩ ባለውና በማይታየው ሥራ ነው፤ የማይታየውንም ሥራ የሚመሰክርለት ውኃ ነው።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. የመማሪያ ክፍል ወለል ውኃ ልክ ሲሆን የመታጠቢያ ቤት ወለል ስለ ምን አይሆንም?
2. ወርዱ 250 ሳንቲ ሜትር በሆነ መታጠቢያ ቤት፥ ተዳፋቱ ከመቶ ሁለት ቢሆን፥ በበሩና በቦዩ መካከል ያለው ልዩነት ስንት ነው?
3. በሁለቱ የቱቦ ጫፎች ያለው ውኃ ስለ ምን እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል?
4. ባለ ሦስት እግር በርጩማ የማይነቃነቅበት ምክንያት ምንድር ነው?
5. በመንደራችሁ አፈሩ መረሬ ነውን? ከሆነ ወለል ከመነጠፉ በፊት ምን መደረግ አለበት?